ታችፓዱ አልጫን ያለው ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ከገዛሁት 8 ዓመት አልፎታል። ባለ 15.6 ኢንች ነው፤ ፕሮሰሰሩ 6ኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ። ቻርጀሩን ከነቀልኩት 20 ደቂቃ አይቆይም፤ አንዳንዴማ 35 በመቶ እያሳየኝ ድርግም ይላል። ካበራሁት በኋላ ሥራ ለመጀመር 5 ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ። ባትሪውን ራሴ መቀየር እችላለሁ? እግረ መንገዴን ራሙን 16 ጊጋ ላደርገው፣ ፕሮሰሰሩንም በአይ7 ልለውጠው አስቤያለሁ። ያዋጣኛል ወይስ ልተወው? ከዚህ ጋር ባይገናኝም፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የታችፓዱ ግራ ጎን ስጫነው አልጫን ብሎኛል።

መልስ፦ «ከዚህ ጋር ባይገናኝም» ብለው መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጉት ነገር ከጠየቁን ሁሉ ይቀድማል። ባትሪያቸው ከውስጥ በሆነ ላፕቶፖች ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚተኛው መዳፍዎን በሚያሳርፉበት በኩል፣ ከታችፓዱ ሥር ነው። ታችፓድ ሲጫኑት ዝቅ የሚልበት ክፍተት በጣም ጠባብ ነው፤ ባትሪው ትንሽ እንኳ ካበጠ ያንን ክፍተት ይሞላዋል፣ ታችፓዱም መሄጃ ያጣል። ስለዚህ ስለ ራምና ስለ ፕሮሰሰር ከማሰብዎ በፊት ዛሬውኑ ይህን ይፈትሹ።

ላፕቶፑን አጥፍተው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ዝርግ ነገር ላይ ያስቀምጡት፤ መስታወት ያለው ጠረጴዛ ቢሆን ይመረጣል። አራቱን ማዕዘኖች ተራ በተራ በጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉ። ከተወዛወዘ፣ ወይም ጫፉን ገፋ ሲያደርጉት መሃሉ ላይ ቆሞ እንደ እንዝርት ከዞረ፣ ሆዱ ተነፍቷል። ቀጥሎ ዓይንዎን ከጠረጴዛው እኩል ዝቅ አድርገው የላይኛውና የታችኛው ክፈፍ የሚገናኙበትን መስመር ይከተሉ። ከፊት በኩል ከፈት ብሎ ወደ ማጠፊያው ሲሄድ የሚጠብ ስንጥቅ ካዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

አብጦ ካገኙት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቻርጀር አይሰኩበት። የዚህ ባትሪ ሴሎች ስስ የአሉሚኒየም ፎይል ከረጢት ውስጥ የታሸጉ ናቸው። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዕድሜና በሙቀት ሲበላሽ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙም መውጫ ስለሌለው ከረጢቱን ይነፋዋል። «አየሩን ላስተንፍሰው» ብሎ በመርፌ መውጋት እዚህ ላይ ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፦ መርፌው የፖዘቲቩንና የኔጌቲቩን ንጣፍ ያገናኛቸዋል፣ ሴሉ በራሱ ላይ ሾርት ያደርጋል፣ ከዚያ የሚነሳው እሳት ደግሞ ሙቀቱን ከራሱ ስለሚያገኝ ጠፋ ሲሉት መልሶ ይነሳል። ተጭኖ ወደ ቦታው ለመመለስም አይሞከርም።

ማድረግ ያለብዎት ባትሪውን ባዶ ማድረግ ነው። ቻርጀሩን ነቅለው፣ አጠገቡ ሆነው፣ ራሱ እስኪጠፋ ይጠቀሙበት። ባዶ ሴል ውስጥ የቀረው ጉልበት ጥቂት ስለሆነ ሲያወጡት ቢጎዳ እንኳ አደጋው ያንሳል። የእርስዎ 20 ደቂቃ እዚህ ላይ ትጠቅማለች፤ የማይተኩ ሰነዶችዎን ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ ትበቃለች። ግን እጅ እስኪያቃጥል ከጋለ፣ ወይም ጣፈጥ ያለ የኬሚካል ሽታ ከሸተተዎ፣ ወይም እብጠቱ ክፈፉን ከፍቶ ባትሪው ከታየ፣ በራስዎ አይክፈቱት። ከመጋረጃና ከወረቀት አርቀው ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ወለል ላይ ያኑሩትና ለባለሙያ ይስጡት። ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ያለው ሰነድ አይጠፋም፤ ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ ይቻላል።

ሆዱ ካልተነፋ ደግሞ መልካም፤ ታችፓዱ ሥር ቆሻሻ ገብቶ ይሆናል፣ ሲከፍቱት ያዩታል። ባትሪው ግን ያም ሆነ ይህ የደከመ ይመስላል። 35 በመቶ ላይ ድርግም ማለት የታወቀ የእርጅና ምልክት ነው። የሚያዩት ቁጥር በባትሪው ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ የገባውንና የወጣውን ኮረንቲ እየቆጠረች የምትገምተው ነው። ሴሎቹ በተርታ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ኮምፒውተሩ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቅ የዚያ ሴል ቮልቴጅ ከተፈቀደው በታች ይወርዳል፣ ቺፗም ሁሉንም ትዘጋለች። ሌሎቹ ሴሎች ገና ጉልበት ቢኖራቸውም አይጠየቁም።

ግምቱን በቁጥር ያረጋግጡ፤ ዊንዶውስ መዝገቡን ይዞታል። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ይህን ከዚያችው 20 ደቂቃ ውስጥ ያድርጉት። ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው በላቲን ፊደል ፓወርሲኤፍጂ (powercfg) ብለው ይጻፉ፣ ክፍተት ይስጡ፣ ከዚያ ስላሽ (/) አድርገው ባትሪሪፖርት (batteryreport) የሚለውን አያይዘው ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። ፋይሉን የት እንዳስቀመጠው ራሱ ይነግርዎታል፤ በብራውዘር ይከፈታል። ሁለት መስመሮች ይፈልጉ፦ ዲዛይን ካፓሲቲ እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ። የመጀመሪያው 45,600 ሚሊዋት-ሰዓት፣ ሁለተኛው 14,100 ቢሆን ባትሪው የቀረው አቅም 31 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። ከ60 በታች የሆነውን ይቀይሩት። ከ80 በላይ ሆኖ ካገኙት ግን ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ቻርጀሩን ይጠርጥሩ። የአንዳንድ ላፕቶፖች ቻርጀር መሃሉ ላይ ዋቱን የሚናገር ቀጭን ፒን አለው፤ ያቺ ሽቦ ከውስጥ ከተበጠሰች ላፕቶፑ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ሆን ተብሎ ይዘገያል።

ባትሪ ሲገዙ በላፕቶፑ ሞዴል ስም ብቻ አይግዙ። አንድ ሞዴል ሁለትና ሦስት ዓይነት ባትሪ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ልዩነቱም የኮኔክተሩ ፒን ብዛት፣ የሽቦው ርዝመት ወይም የብሎኖቹ ቦታ ይሆናል። ላፕቶፑን አንድ ጊዜ ከፍተው የባትሪው ጀርባ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ፎቶ አንስተው፣ በእሱ ይፈልጉ። ቮልቱ አንድ ይሁን፦ 11.4 የተጻፈበት ሴሎቹ እስከ 4.35 ቮልት ድረስ የሚሞሉ ናቸው፣ 11.1 የተጻፈበት እስከ 4.2። ሻጩ «ያው ነው» ቢልዎ ያው አይደለም። 14.8 እና 15.2 የሚሉት ደግሞ ባለ 4 ሴል ስለሆኑ በእነዚህ ባለ 3 ሴሎች ቦታ ጨርሶ አይገቡም።

አቅሙን በዋት-ሰዓት ያወዳድሩ፤ ቮልቱን በአምፒር-ሰዓት ሲያባዙ የሚገኘው እሱ ነው፣ 11.4 ሲባዛ በ4 45.6 እንደሚሆነው። መጠኑና ቅርጹ ሳይለወጥ 45 የነበረውን 80 አድርጎ የጻፈ ባትሪ ይዋሻል፤ ያን ያህል ጉልበት በዚያ ቦታ አይገባም። የተመረተበትን ቀንም ይጠይቁ። ሊቲየም ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል፣ ሞቃት ቦታ ከሆነማ ቶሎ። ማሸጊያው ያልተከፈተ የ6 ዓመት ባትሪ አዲስ አይባልም። አሮጌውን ከፍተው ሴሎቹን ብቻ እንቀይርልዎ የሚሉ ካሉ አይስማሙ፤ ሴሎቹ ሲነቀሉ የመቆጣጠሪያው ቺፕ ራሱን ሊቆልፍ ይችላል፣ ከዚያ ያው የሞተ ባትሪ ነው።

ለሥራው የሚበቃው ጥቂት ነው፦ ባለ መስቀል ጫፍ ካቻቪቴ ቁጥር 0 እና 00፣ ክፈፍ መክፈቻ የፕላስቲክ ምላስ፣ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት)፣ አንድ ነጭ ወረቀትና ፕላስተር። ለባትሪው ፎቶ ከከፈቱት በኋላ፣ ሁለተኛ ከመክፈትዎ በፊት ኤስኤስዲውንና (ሃርድ ዲስኩን የሚተካውን ፈጣን ማከማቻ) ራሙንም ገዝተው ያዘጋጁ፤ በየጊዜው በተከፈተ ቁጥር የክፈፉ ጥርሶች ይሰበራሉ።

ወረቀቱ ቀልድ አይደለም። የላፕቶፑን ጀርባ ይሳሉበትና እያንዳንዱን ብሎን ባወጡበት ቦታ ላይ በፕላስተር ይለጥፉ። ርዝመታቸው ይለያያል፤ የ8 ሚሊሜትሩን ብሎን የ4 ሚሊሜትሩ ቦታ ላይ ካጠበቁት ወይ መዳፍ ማሳረፊያውን ከሥር ወጥሮ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ወይ ማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋናውን ቦርድ) ይበሳል። ይህ ጉዳት የሚደርሰው ሲከፈት ሳይሆን ሲዘጋ ነው፤ ያኔ ሁሉም ሰው ቸኩሏል።

ዊንዶውስን ሲያጠፉ የሺፍት ቁልፍን ተጭነው ሻት ዳውን ይበሉ፤ ያለዚያ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው ከፊሉን ዲስክ ላይ አስተኝቶ ነው የሚያጠፋው። ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ የውስጥ ባትሪን ለጊዜው የሚያቋርጥ ምርጫ ያላቸው ላፕቶፖች አሉ፤ ካለ ይጠቀሙበት። የሲዲ ማጫወቻ ካለው መጀመሪያ እሱን ያውጡ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ብሎን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሲወጣም ከሥሩ የተደበቁ ብሎኖች ይታያሉ። ጎማ እግሮቹ ሥርም ይፈልጉ። ብሎኖቹ ካለቁ በኋላ የፕላስቲኩን ምላስ ከማጠፊያው አጠገብ አስገብተው በዙሪያው ይሂዱ፤ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ የጥርሶቹ ነው፣ አይደንግጡ። አንድ ቦታ ላይ እምቢ ካለ ግን አይታገሉት፤ ያልወጣ ብሎን አለ። ክፈፉንም ወዲያው ወደ ላይ አይንጠቁት፤ በአንዳንዱ ላይ ከሥሩ ጠፍጣፋ ሪባን ገመድ ይያያዛል።

ከተከፈተ በኋላ ያልተቀባ ብረት ነክተው በሰውነትዎ ላይ ያለውን ስታቲክ ያራግፉ። ከዚያ ከምንም በፊት የባትሪው ኮኔክተር ይነቀላል። እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። ኮኔክተሩን በብርሃን አቅርበው ይመልከቱት፦ ሽቦዎቹ ወደ ጎን ከገቡበት፣ አንገቱም በሶኬቱ ግድግዳዎች መሃል ከተቀመጠ፣ ከቦርዱ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ባትሪው በኩል ይሳባል። ከላይ እንደ ክዳን የተጫነ ከሆነ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል። ቀጭን የብረት ዘንግ ያቀፈው ከሆነ ዘንጉ መጀመሪያ ይገለበጣል። በሽቦዎቹ አይጎትቱ፤ የፕላስቲኩን ምላስ በኮኔክተሩ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ እያፈራረቁ ግማሽ ግማሽ ሚሊሜትር ያነቃንቁት። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ወደ ጎን የሚሳበውን ወደ ላይ ሲያነሱት ነው፤ ሶኬቱ ከቦርዱ ጋር ከተያያዘበት ብየዳ ተገንጥሎ ይወጣል፣ ያ ደግሞ የቤት ሥራ አይደለም። ከተነቀለ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ ቦርዱ ላይ የቀረችው ኮረንቲ ታልቃለች።

ባትሪውን የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ብሎኖች ናቸው። ሙጫ ካለው የሚሳብ ነጭ የማጣበቂያ ጥብጣብ ጫፉ ይታያል፤ ጫፉን ይዘው ከወለሉ ጋር ዝቅ ባለ አንግል ቀስ አድርገው እንደ ላስቲክ ይሳቡት። ከተበጠሰ በጎኑ ጥቂት የአልኮል ጠብታ አፍስሰው 2 ደቂቃ ይጠብቁና በፕላስቲክ ካርድ ያላቅቁት። ካቻቪቴ ወይም ቢላዋ ባትሪ ሥር አይገባም። አይታጠፍም።

ባትሪው ከወጣ በኋላ ታችፓዱን ይጫኑት። ቀጭ ካለ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ካላለ እብጠቱ የታችፓዱን ሳህን አጥሞት ይሆናል፤ በብዙ ሞዴሎች ለብቻው የሚቀየር ዕቃ ነው። መሃሉ ላይ የጠቅታውን ልክ የምታስተካክል አንዲት ትንሽ ብሎን ካለች ሩብ ዙር ሞክረው ይዩ።

አዲሱን ባትሪ አሁን አያስገቡ። ኮረንቲ የሌለው ቦርድ ስለሆነ የቀረው ሁሉ የሚቀየረው በዚህ ሰዓት ነው።

5 ደቂቃ የሚያስጠብቅዎትን ነገር የሚያድነው ራም ወይም ፕሮሰሰር ሳይሆን ኤስኤስዲ ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በአብዛኛው በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 90 ዙር ማለት ነው፣ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የሚፈለገው ፋይል ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፣ በዚያ ላይ ክንዱ ከቦታ ቦታ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን በሰከንድ ማንበብ የሚችለው ከመቶ ባነሰ ቁጥር ነው፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚጠይቀው እንዲህ ያሉትን በብዙ ሺህ ነው። የሚዞርም የሚንቀሳቀስም ነገር የሌለው ኤስኤስዲ ያንኑ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ያነባል። ገንዘብዎ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነና ባትሪው ያላበጠ ከሆነ፣ የምንመርጥልዎት እሱን ነው።

ለእርስዎ የሚሆነው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (የሃርድ ዲስክዎ ዓይነት ማገናኛ ያለው) ኤስኤስዲ፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው። የድሮው ዲስክ 9.5 ከሆነ ከኤስኤስዲው ጋር አንዳንዴ የሚመጣውን የፕላስቲክ ክፈፍ ይለጥፉበት፤ ያለዚያ ኮኔክተሩ ላይ እየተንቀሳቀሰ ይላላል። የድሮው ዲስክ የተቀመጠበት የብረት መያዣ በጎኑ 4 ብሎኖች ስላሉት እሱን ፈትተው ወደ አዲሱ ያዛውሩ፤ መያዣውን ከአሮጌው ዲስክ ጋር የሚጥሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ቦርዱ ላይ የኤም.2 ሶኬት (ቀጭን፣ ረዘም ያለ ኤስኤስዲ የሚሰካበት) ካዩም አይቸኩሉ፤ በዚህ ዘመን ላፕቶፖች ሶኬቱ ሳታ ብቻ የሚቀበል ሊሆን ይችላል፣ ኤንቪኤምኢ የተባለው ፈጣኑ ዓይነት ቢገባበት አይታይም። የሳታ ጣሪያ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ለሰነድና ለኢንተርኔት ሥራ ከዚያ በላይ ያለውን ፍጥነት በዓይንዎ አያዩትም።

ዊንዶውሱን ገልብጦ ማዛወር ይቻላል፣ የ8 ዓመት ዝባዝንኬን ተሸክሞ መሄድ ከፈለጉ። እኛ አዲስ መጫኑን እንመርጣለን። የዊንዶውስ 10 ፈቃድ ዲጂታል ከሆነ ከማዘርቦርዱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ዲስክ ስለተቀየረ አይጠፋም፤ ያንኑ ዕትም ከጫኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያነቃል። ዲስኩ በቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስክን በምስጢር በሚቆልፍበት ፕሮግራም) የተቆለፈ ከሆነ ግን የመልሶ ማግኛውን ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ከላፕቶፑ ውጭ ጽፈው ይያዙ።

ራሙ ላይ ሁለት ነገር ይጣራ። 6ኛው ትውልድ ከሁለት ዓይነት ራም ጋር ተሠርቷል፦ ባለ 204 ፒን ዲዲአር3ኤል 1.35 ቮልት፣ ባለ 260 ፒን ዲዲአር4 1.2 ቮልት። የአንዱ ጥርስ በሌላው ሶኬት አይገጥምም። ለባትሪው ፎቶ በከፈቱት ጊዜ ያለዎት ራም ላይ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት ያንብቡ። ሁለተኛው የሶኬት ብዛት ነው፤ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ ቢሉ ስንቱ እንደተያዘ ያሳያል። ባዶ ሶኬት ካለ አንድ ባለ 4 ጊጋ ጨምሮ 8 ማድረስ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ ጎን ለጎን ስለሚያነባቸው ራሙን የሚጋራው ግራፊክስም ይጠቀማል። 16 የሚያስፈልገው በርካታ የብራውዘር ገጽ ሳይዘጋ ለሚሠራ ወይም ፎቶና ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ነው። ፈጣን ዲዲአር4 ቢገዙ ጉዳት የለውም፣ ፍጥነቱ ወደ 2133 ዝቅ ብሎ ይሠራል።

ራም ሲገባ በ30 ዲግሪ ገደማ አጋድለው፣ ወርቃማው ጠርዝ ከሞላ ጎደል እስኪሰወር ገፍተው፣ ከዚያ ወደ ታች ሲጫኑት ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች ራሳቸው ቀጭ ብለው ይይዙታል። ጨርሶ ሳይገባ የተጫነ ራም ለዓይን የገባ ይመስላል፤ ላፕቶፑ ሲበራ ግን ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ያኔ ተበላሸ ብለው አይደምድሙ፣ አውጥተው ደግመው ያስገቡት።

ፕሮሰሰሩን ይተዉት። በእንደዚህ ያሉ ላፕቶፖች ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ቢነቀልም ትርፍ የለውም፦ የላፕቶፕዎ ፕሮሰሰር ስም በዩ የሚያልቅ ከሆነ፣ የዚያው ትውልድ አይ7 ዩ ራሱ እንደ አይ5ቱ ባለ 2 ኮርና ባለ 4 ትሬድ ነው፤ አይ5-6200ዩ እስከ 2.8 ጊጋኸርትዝ ሲወጣ አይ7-6500ዩ እስከ 3.1 ይደርሳል። ለዚያች ልዩነት ማዘርቦርድ አይቀየርም። ይልቅ ያለዎት ፕሮሰሰር ሙሉ ፍጥነቱን እንዲያገኝ ያቀዝቅዙት። የ8 ዓመት አቧራ በፋኑና በማቀዝቀዣው ክንፎች መሃል እንደ ጥጥ ተነጥፎ ያገኙታል። ፋኑን በጣትዎ ይዘው አቧራውን በአየር ያስወጡ፤ ሳይያዝ ቢነፋ ከልክ በላይ ይሽከረከራል፣ ኩሽኔታውም ይጎዳል። የማቀዝቀዣውን ብሎኖች ላያቸው ላይ በተጻፈው ቁጥር ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይፍቱ፣ የደረቀውን ፔስት በአልኮል ይጥረጉ፣ የክብሪት ራስ የሚያህል አዲስ መሃሉ ላይ አድርገው በቁጥሩ ቅደም ተከተል፣ ጥቂት በጥቂት እያፈራረቁ ያጥብቁ።

አሁን አዲሱን ባትሪ አስቀምጠው፣ ሽቦውን በቦዩ አሳልፈው፣ ብሎኖቹን አስረው፣ ኮኔክተሩን በመጨረሻ ይሰኩ። ክፈፉን ገና አይጠርቅሙት፤ ቻርጀር ሰክተው ያብሩት። ብዙ አዲስ ባትሪዎች በማጓጓዣ እንቅልፍ ላይ ስለሆኑ ቻርጀር ካላዩ አይነቁም። ራም ከተቀየረ የመጀመሪያው መነሳት ከወትሮው ሊዘገይ ይችላል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይታገሱት። ባዮስ ውስጥ ገብተው ራሙ ሙሉ መቆጠሩን፣ ኤስኤስዲው መታየቱን፣ ባትሪው መታወቁን ያረጋግጡ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ካገኙት የቦርዱ ባለ 3 ቮልት ሳንቲም ባትሪ ሞታለች፤ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 ናት፣ በዚያው ትቀየር። «ይህ ባትሪ አይደገፍም» የሚል መልእክት ከመጣ ላፕቶፑ የአምራቹን ቺፕ እየፈለገ ነውና ባትሪውን ይመልሱ።

አንዴ 100 በመቶ ይሙሉት፣ ለ2 ሰዓት እንደተሰካ ይተዉት፣ ከዚያ ራሱ እስኪጠፋ ተጠቅመው ሳያቋርጡ መልሰው ይሙሉት። ይህ ቺፗ ትክክለኛውን አቅም እንድትማር ነው፤ በየወሩ አይደረግም፣ ባትሪ ይጎዳል። የባትሪ ሪፖርቱን ደግመው ያውጡ፦ ሙሉው አቅም ከዲዛይኑ ጋር ተቀራራቢ፣ ሳይክሉም (ስንት ጊዜ ተሞልቶ እንዳለቀ የሚቆጥረው) ከጥቂት ቁጥር የማይበልጥ መሆን አለበት። ሻጩ የሰጠዎት የመመለሻ ጊዜ ሳያልፍ ይህን ይጨርሱ። ላፕቶፑ አብዛኛውን ቀን ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ባዮስ ወይም የአምራቹ ፕሮግራም ውስጥ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ ይፈልጉ፤ ሊቲየም ሴል ይበልጥ የሚያረጀው ሙሉ ሆኖ በሙቀት ሲቀመጥ ነው።

ያዋጣል ወይ ላሉት፣ ማጠፊያውና ስክሪኑ ደህና ከሆኑ ያዋጣል፤ ከባትሪ፣ ከኤስኤስዲና ከ4 ጊጋ ራም በላይ ግን አያውጡበት። አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ፦ ዊንዶውስ 11 የሚደግፋቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት ናቸው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ስለዚህ ኤስኤስዲው ባዶ ሆኖ ሳለ ዊንዶውስን የሚተካውን ሊኑክስ ሚንትን ከፍላሽ አስነስተው ይሞክሩት፤ ሳይጫን ይሠራል፣ ዋይፋይዎና ድምፅዎ ከሠሩ ይጫኑት።

የወጣውን ባትሪ የኮኔክተሩን ጫፍ በፕላስተር ሸፍነው፣ ካበጠ ደረቅ አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ አድርገው፣ ከቤት ውጭ ያኑሩትና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስቡ ያስረክቡ። ከቤት ቆሻሻ ጋር ከተጣለ የቆሻሻ መኪናው ሲጨምቀው ሊቀጣጠል ይችላል። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ግን ቢያንስ ለአንድ ወር ፎርማት አያድርጉት፤ የረሱት ፋይል ትዝ የሚልዎት ያኔ ነው።